የሲስተር ካቻቢቴ

መስከረም 2009 ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምር ነበር። ክረምቱን ተነቅለው የከረሙትን ኮምፒውተሮች ስከፍት፣ ከ22ቱ 17ቱ ኢንተርኔት አልሠራ አሉ። የትኛውንም ገጽ ብትሞክሩ "ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በዚያው ዋይፋይ ግን ስልኬ ላይ ሁሉም ይከፈታል።

ቴክኒሻን ጠራን። አንዱን ፎርማት አደረገው፤ ለውጥ የለም። "አርጅተዋል፣ ቢቀየሩ ይሻላል" ብሎን ሄደ። አመንኩት። የግዢ መጠየቂያ ጽፌ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገባሁ።

ሲስተር በዚያ ዓመት ነው የተመደቡልን። ከዚያ በፊት ለረጅም ጊዜ ለሴቶች ልጆች ልብስ ስፌት ሲያስተምሩ ነው የኖሩት። ማኅበራቸው የዶን ቦስኮን መንገድ ይከተላል። ዶን ቦስኮ ቱሪን ከተማ ውስጥ በ1853 እ.ኤ.አ. ለድሃ ልጆች የጫማና የልብስ ስፌት ሥራ ቤት የከፈተው ቄስ ነው። እኔ ግን ሲስተርን ሳያቸው ከኮምፒውተር ጋር ይተዋወቃሉ ብዬ አልገመትኩም። አለማወቄ ነው። አሜሪካ ውስጥ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ያገኘችው የመጀመሪያዋ ሴት ራሷ የካቶሊክ መነኩሲት ናት፤ ሜሪ ኬኔት ኬለር ትባላለች፣ ዓመቱ 1965 እ.ኤ.አ. ነው።

ሲስተር ወረቀቱን አንብበው ቀና አሉ። "ከፍታችሁ አይታችኋቸዋል?"

አላየንም። እንዲያውም ተማሪ እንዳይነካቸው ክዳናቸውን በፕላስተር ያሸግኩት እኔ ነኝ።

"እኔ ጋ አንዲት ልጅ ጨርቅ ሳትቆርጥ በፊት ሲንጀሩን ፈታ ትገጥም ነበር" አሉኝ። "ክር ሲበጠስባት ሰው ከመጥራቷ በፊት ራሷ እንድታይ ብዬ ነው። ነገ ክፍልህ እመጣለሁ።"

መጡ፤ ካቻቢቴ ይዘው። ሰባተኛ ክፍሎች ነበሩ። "ምን እንደተበላሸ አትንገሩኝ። የምታዩትን ብቻ ንገሩኝ" አሏቸው። ልጆቹ ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ማንበብ ጀመሩ። አንዲት ልጅ ጥግ ላይ ያለውን ቁጥር አየች።

"ሲስተር፣ ቀኑ ጃንዋሪ 1፣ 2009 ይላል።"

"ታዲያ 2009 አይደል እንዴ?" ልላት አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። በፈረንጅ 2016 ነበርን! ሳምንቱን ሙሉ ያንን ቁጥር አይቼዋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ ስለሆነ ዓይኔ አልፎታል። ቴክኒሻኑም እንደዚያው።

ሲስተር ካቻቢቴውን ለልጅቷ ሰጧት። እጇ እየተንቀጠቀጠ ክዳኑን ፈታች። ውስጥ ሳንቲም የምታክል ባትሪ አለች። ሲስተር ወደ እኔ ዞረው፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ፣ "መምህር፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?" አሉኝ። ባትሪዋን አያውቋትም ነበር። እንዴት እንደሚታይ እንጂ ምን እንደሚገኝ አላወቁም።

እኔ አውቃት ነበር። ባለ 3 ቮልት ናት፤ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምታስቆጥረው እሷ ናት። ስትሞት ቀኑ ወደ መነሻው ይመለሳል። ድረ ገጾች ደግሞ ማንነታቸውን የሚያሳዩበት የምስክር ወረቀት አላቸው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። 2009 ላይ የቆመ ኮምፒውተር በ2016 የተሰጠውን ወረቀት "ገና ያልተሰጠ ነው" ብሎ ይመልሰዋል። ይሄን ሁሉ ለልጆቹ አስረዳኋቸው። በዚያ ክፍል ሳስተምር እንደዚያ ቀን ተሰምቼ አላውቅም። ልጅቷ ቀኑን አስተካከለች፤ ገጹ ተከፈተ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ።

ማታ ፕላስተሮቹን አንድ በአንድ ላጥኳቸው። በማግስቱ የግዢ መጠየቂያዬ ተመለሰልኝ። ሲስተር "ኮምፒውተር 17" የሚለውን ሰርዘው ከሥሩ በእጃቸው ጽፈዋል፦ "ባትሪ 22። የቀሩትም ዕድሜያቸው እኩል ነው። ካቻቢቴ 10፣ ለተማሪዎች።"