ቀን ጉምሩክ፣ ማታ ግጥም

ከሰዓት ጀምሮ ልቤን ከብዶታል። ምክንያቱን በውል አላውቀውም። የዝናቡ ድብርት ይሆናል፤ የወር መዝጊያ ሂሳቡም ይሆናል። ቀኔን በሂሳብ ሥራ የምጨርስ ደመወዝተኛ ነኝ። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ተቀመጥኩና ያቺ የቆየች ጥያቄ መጣች፦ እኔ መቼ ነው የምጽፈው?

ቾሰር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ጄፍሪ ቾሰር፣ የ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ገጣሚ፣ የለንደኑ ወይን ነጋዴ ልጅ።

እሱም ደመወዝተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1374 በለንደን ወደብ የሱፍና የቆዳ ቀረጥ ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። መዝገቡን በገዛ እጁ እንዲጽፍ ታዟል። መኖሪያው ኦልድጌት ከሚባለው የከተማዋ በር በላይ ያሉት ክፍሎች ነበሩ። በ1381 ያመፁት የኤሴክስ ገበሬዎች የገቡት በዚያው በር ነው። እንግዲህ ቀን የሱፍ ሂሳብ፣ ማታ ግጥም።

በአንድ ግጥሙ ውስጥ ንስር አንጠልጥሎት ወደ ሰማይ እየበረረ ይወቅሰዋል። ሂሳብህን ዘግተህ ቤትህ ትገባለህ፤ ከዚያ ዓይንህ እስኪፈዝ ድረስ እንደ ድንጋይ ዝም ብለህ ሌላ መጽሐፍ ላይ ታፈጣለህ፤ ደጅህ ላይ ያሉት ጎረቤቶችህ እንኳ ምን እንደሆኑ አትሰማም ይለዋል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ያለፈው ድካም የትናንት ይመስለኛል።

ስለ እሱ ወደ 500 የሚጠጉ የመንግሥት ሰነዶች ተርፈዋል። ደመወዙ አለ። ፈረንሳይ ውስጥ ተማርኮ በ1360 ለማስለቀቂያው ንጉሡ 16 ፓውንድ ማዋጣቱ አለ። በየቀኑ የተፈቀደለት አንድ ጋሎን ወይን ጠጅ ሳይቀር አለ። ገጣሚ ነው የሚል ግን አንድም የለም! ይሄ ያንገበግበኛል። መሥሪያ ቤት የሰውን ዋናውን ነገር አይመዘግብም ማለት ነው?

ግን ደግሞ ጣሊያንን ያሳየው የንጉሡ ሥራ ነው። ጄኖዋና ፍሎረንስ ደርሶ የመጣው ለመንግሥት ጉዳይ ነው። የጣሊያን ደራሲዎቹ ዳንቴና ቦካቺዮ በኋላ በግጥሞቹ ውስጥ ገብተዋል። ወደቡስ? መርከበኛው፣ ነጋዴው የሚመላለሱት እዚያ ነው። ወደ ካንተርበሪ የሚጓዙ ተሳላሚዎች በየተራ ተረት በሚያወሩበት መጽሐፉ፣ «የካንተርበሪ ተረቶች» ውስጥ፣ ባላባቱ ተረቱን እንደጨረሰ ሰካራሙ ወፍጮ ቤተኛ ተራውን ነጥቆ ያወራል። ቤተ መንግሥቱ ፈረንሳይኛ በሚወድበት ዘመን ቾሰር ለዚህ ሰው በአገሩ እንግሊዝኛ አፍ ሰጠው። ከሁሉም የምወድለት ይህን ነው።

ያሰበው ወደ 120 ተረት ነበር። የደረሰን 24 ነው፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ አላለቁም። የወጥ ቤቱ ሰው ተረት ገና ከመጀመሩ ይቋረጣል። ቾሰር በ1400 ሞተ።

ተረቶቹን የጀመረው በ1386 ጉምሩኩን ከለቀቀ በኋላ ነው ይባላል። ታዲያ መጽሐፉን የሰጠን ሥራውን መልቀቁ ነው ወይስ እዚያ ወደብ ላይ ሰው ሲሰማ የኖረባቸው ዓመታት? አንዱን ብመርጥ ነገ መልቀቂያ አስገባለሁ፤ ሌላውን ብመርጥ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። እስካሁን አልመረጥኩም።