አሻራ ማሽኑ አላውቅሽም አለኝ

ዛሬ ከወሊድ ፈቃድ የምመለስበት ቀን ነበር። ሌሊት የጡት ወተት አልቤ ፍሪጅ አስቀመጥኩ፣ ልጄን ለእናቴ ሰጠሁና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ቢሮ ደረስኩ። አሻራ ማሽኑ ላይ ጣቴን ባደርግ ባደርግ ቀይ ብቻ። ጥበቃው ጋሼ መሬት መሬት እያዩ "የኔ ልጅ፣ አስተዳደር ቢሮ ትምጣ ብለዋል" አሉኝ። ያኔ ገባኝ።

"መደቡ ታጥፏል።" በቃ ይሄው ነው። የታጠፈው መደብ ላይ ግን አንድ ልጅ ቁጭ ብሎ በኔ ካልኩሌተር ይደምራል! እሱ ምን ያድርግ፣ የእንጀራ ነገር ነው። ሲያየኝ ደንግጦ ብድግ አለና ወንበሩን ሊለቅልኝ ሞከረ፤ ከሁሉም ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። ነፍሰ ጡርን፣ ከወለደችም በኋላ እስከ 4 ወር ድረስ፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ያልተያያዘ በቂ ምክንያት ከሌለ ማሰናበት አይቻልም። ለዚህ እኮ ነው "ስለወለድሽ" የማይሉት። መደብ ያጥፋሉ!

ወረቀቱን ገፋ አድርገው "ፈርሚ" ሲሉኝ ወተቱ ሸሚዜን አልፎ ታየ። ሰውዬው አይቶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ በነጠላዬ ሸፈን አድርጌ፣ ሳልፈርም፣ ወረቀቱን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወጣሁ።

የሥራ ክርክር የሚይዝ ጎበዝ ጠበቃ የምታውቁ እስቲ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚከሰሰው በ3 ወር ውስጥ ነው አሉ።