ግራፊክስ ካርዱን ከመግዛቴ በፊት ኬዙን ብከፍተው ኖሮ

ነገሩ የተበላሸው እቁብ የወጣልኝ ቀን ነው። ብሩ እጄ ከገባ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ቴሌግራም ላይ ግራፊክስ ካርድ፣ የኮምፒውተሩን ምስልና ቪዲዮ የሚያቀናብረውን ዕቃ፣ እያሳደድኩ ነበር።

ኮምፒውተሬ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው፣ ሚኒ ታወር የሚሉት ትልቁ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5 አራተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)፣ 8 ጊጋ ራም (የተከፈተ ሥራ ለጊዜው የሚቀመጥበት ሚሞሪ)፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ውጭ አገር የሆነ ቢሮ ሲገለገልበት ኖሮ በኮንቴይነር ተጭኖ የመጣ ዕቃ ነው፤ ያ ቢሮ የለጠፈበት የንብረት ቁጥር አሁንም ጎኑ ላይ አለ። የገዛሁት በ2013 ነው። የሠርግና የክርስትና ቪዲዮ ኤዲት አደርግበታለሁ፣ በመሃል ደግሞ የጥሪ ካርድና ፖስተር። ጠዋት ኮምፒውተሩን አበራና ጀበናውን እጥዳለሁ። ቡናው ቀድሞ ይደርሳል።

ሰው ሁሉ የሚነግረኝ አንድ ነገር ነበር፦ «ቪዲዮ የምትሠራ ከሆነ ግራፊክስ ካርድ ግድ ነው።» ውሸት አይደለም፣ ይጠቅማል። ግን «ዲስክህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ያገለገለ ጂቲኤክስ 1060 ገዛሁ፣ ባለ 6 ጊጋውን። ማታ ቤት ገብቼ የኬዙን፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ቤት፣ ጎን ከፈትኩት፤ ካርዱን ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ላይ ስሰካው ልክክ አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ካርዱ ጫፍ ላይ ስድስት ቀዳዳ ያለው የፓወር ሶኬት አየሁ። እዚያ የሚገባ ገመድ ፈለግኩ። የለም። የስልኬን መብራት አብርቼ የፓወር ሰፕላዩን (ለውስጡ ዕቃዎች ኃይል የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ጽሑፍ አነበብኩ፦ 290 ዋት። ካርዱ ብቻውን እስከ 120 ዋት ይበላል።

ችግር የለም፣ ፓወር ሰፕላይ እቀይራለሁ አልኩ። በማግስቱ ለባለሱቁ የማዘርቦርዱን ፎቶ ሳሳየው ሳቀ። ገበያ ላይ ያለው የተለመደው ፓወር ሰፕላይ ወደ ማዘርቦርድ የሚሄደው ሶኬት 24 ፒን ነው፣ የእኔ ዴል ደግሞ የራሱ የሆነ 8 ፒን ነው ያለው። አስማሚ ገመድ አለ፣ ግን እኔ በጠየቅኳቸው ሱቆች አልነበረም። ወደ ካርዱ ሻጭ ተመለስኩ።

«ወንድሜ፣ ካርዱ ይሠራል አይደል?»

«ይሠራል፣ ግን...»

«በቃ፣ እኔ የሸጥኩልህ የሚሠራ ዕቃ ነው።»

ያናደደኝ እውነቱን መሆኑ ነው። ደረሰኙም ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጌም ለሚጫወት የሰፈር ልጅ በኪሳራ ሸጥኩለት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ የኮምፒውተር ዕቃ ደግሞ ሁሉም በዶላር የሚገባ ነው። ድሮ ተሳስቼ የተለማመድኩበት ገንዘብ አሁን የሁለት ወር የቤት ኪራይ ሆኗል።

አንድ ቢሮ ውስጥ አይቲ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ታሪኩን ስነግረው አላዘነልኝም። «ምኑ እንደዘገየ ሳታውቅ ነው እንዴ የገዛኸው? ቁጭ በልና አንድ ሳምንት ለካው» አለኝ።

ለካሁት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ታስክ ማኔጀር ይከፈታል፣ ፐርፎርማንስ የሚለው ገጽ ሁሉንም ያሳያል። ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ገዛሁና ኮምፒውተሩ በቀረቀረኝ ቁጥር ሰዓቱን፣ እየሠራሁት ያለውን፣ ከዚያም የዲስኩን፣ የራሙንና የፕሮሰሰሩን ቁጥር መጻፍ ጀመርኩ። ባለቤቴ የዱቤ መዝገብ ከፈትክ እንዴ ብላ ሳቀችብኝ።

በሦስተኛው ቀን መልሱ ፊቴ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ደርሶ ለደቂቃዎች እዚያው ይቀራል። ቪዲዮ የማቀናብርበት ፕሪሚየርና ክሮም አንድ ላይ ሲከፈቱ ከ8 ጊጋው ራም 7.7ቱ ያልቃል። ራም ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን የሚያስቀምጠው ዲስክ ላይ ነው፤ ስለዚህ ያ ቀድሞውንም ያቃሰተ ዲስክ በላዩ ላይ የራምን ሥራ ይሸከማል። ፕሮሰሰሩ በዚህ ሁሉ መሃል 40 ፐርሰንት እንኳ አልደረሰም። እሱ 100 የሚገባው ያለቀውን ቪዲዮ ኤክስፖርት ሳደርግ (ወደ መጨረሻው ፋይል ስቀይር) ብቻ ነው፣ ያን ጊዜ ደግሞ እኔ ተኝቻለሁ።

ጓደኛዬ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አስጫነኝ። ሃርድ ዲስኩን በቢጫ አሳየው። የተበላሹ ቦታዎች በመጠባበቂያ መተካት ጀምረዋል ማለት ነው። እኔ በግራፊክስ ካርድ ስጨነቅ የሰው ሠርግ የተቀመጠበት ዲስክ እየሞተ ነበር። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ወደ ኤክስተርናል ስገለብጥ ነበር።

ደብተሩ ላይ መጀመሪያ ያላሰብኩት ሌላ ዓምድም ተጨመረ፦ መብራት። በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ ሄደብኝ፣ አንዱ የሦስት ሰዓት ሠርግ ኤክስፖርት ሲደረግ፣ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው። ዲስኩን ለዚህ ያበቃው መብራቱ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ ሊጠቅመው ግን አይችልም።

ከዚያ በኋላ ነው ዕቅድ የሚባል ነገር ያወጣሁት። ደብተሩን መሃል ለመሃል በመስመር ከፈልኩት። በግራ «አብሮኝ የሚሄድ»፣ በቀኝ «እዚሁ የሚቀር»። ይህ ኮምፒውተር አርጅቷል፣ አንድ ቀን እለውጠዋለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምገዛው ዕቃ ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር ይሻገራል ወይስ ከዚህኛው ጋር ይቀበራል? በግራ በኩል ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ)፣ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ)፣ ሞኒተር ገቡ። በቀኝ ራምና ፕሮሰሰር። የእኔው የድሮ ዓይነት፣ ዲዲአር3 ራም፣ አዲስ ማዘርቦርድ ላይ አይገባም፣ የአራተኛ ጀነሬሽን ፕሮሰሰርም እንደዚያው። ለግራው ጥሩ ገንዘብ አወጣለሁ፣ ለቀኙ ርካሽ ካገኘሁ ብቻ። ደንቡ ይህ ሆነ።

መጀመሪያ ዩፒኤስ። ኮምፒውተር ፈጣን አያደርግም፣ ለዚህ ነው ሰው የሚዘለው። ሁለት ነገር ተማርኩበት። አንደኛ፣ ላዩ ላይ የተጻፈው ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ዋት አይደለም፤ 650 ቪኤ የሚለው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ሁለተኛ፣ ባትሪው መጋዘን ተቀምጦም ይደክማል። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ የእነሱን ኮምፒውተርና ሞኒተር ሰክቼ፣ የግድግዳውን ገመድ ነቀልኩና ሰዓት ያዝኩ። የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ አልቆየም። ሁለተኛው አሥር ደቂቃ አለፈ፣ እሱን ወሰድኩ።

ቀጥሎ ኤስኤስዲ። ከዚህ በኋላ ለዕቃ የምሄደው ታወሩን ይዤ ነው። ሊፍት ከሌለው ኮንዶሚኒየም፣ ከአራተኛ ፎቅ ተሸክሜ ስወርድ የራይዱ ሹፌር «ጄኔሬተር ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያስቃል፣ ግን ያዋጣል፤ ዕቃው የእኔ ኬዝ ውስጥ ሲሠራ ሳላይ ብር አልከፍልም። ፍላሽ ላይ ያንኑ ክሪስታልዲስክኢንፎ ይዤ ነበር። ልጁ «አዲስ ነው» ያለኝን ኤስኤስዲ ሰካነው። የበራበት ሰዓት ከ11,000 በላይ ይላል። አንድ ዓመት ሙሉ ሳይጠፋ ቢበራ እንኳ 8,760 ሰዓት ነው። ስክሪኑን አዞርኩለት።

«ኧረ አለቃ፣ እኔም አላየሁትም» አለና ከመሳቢያው ሌላ አወጣ። ያ ሁለተኛው ዜሮ ሰዓት ነበር። ዋጋው ግን ያው፣ ሳንቲም አልተለወጠም።

«ኤንቪኤምኢ ውሰድ፣ ፈጣኑ እሱ ነው» ብሎም ወትውቶኛል፤ ሌላ ዓይነት ኤስኤስዲ ነው። ፈጣን መሆኑ እውነት ነው። ግን 9020 ላይ የሚሰካበት ቦታ የለም፣ በካርድ አድርጎ ቢሰካ እንኳ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ከእሱ ዊንዶውስ አያስነሳም። በሳታ፣ ሃርድ ዲስኩ በሚሰካበት በዚያው ገመድ፣ የሚሰካው ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፣ የእኔ ዓይነት ሃርድ ዲስክ በጥሩ ቀኑ 150 ቢሆን ነው። ለእኔ በቂ ነበር። የታመመውን ዲስክ እንዳለ ከመገልበጥ ይልቅ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንኩት። ኮምፒውተሩ አሁን በግማሽ ደቂቃ ይነሳል። ጀበናው ተሸነፈ።

ራሙ ላይ ልሸወድ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። አንዱ ሻጭ ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር3 ከሌሎቹ በግማሽ ዋጋ ዘረጋልኝ። ሰካነው። ስክሪኑ ጨለማ፣ የፓወሩ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም። አወጣሁትና ስቲከሩን ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼ አጎላሁት። መጨረሻው ላይ ከ12800 ቀጥሎ «አር» የሚል ፊደል አለ። የእኔ አሮጌው ራም ላይ ያለው «ዩ» ነው። ባለ አሩ ከሰርቨር (የድርጅት ትልቅ ኮምፒውተር) የተነቀለ ነው፣ መልኩ ቁርጥ አንድ ነው፣ ቀዳዳው ውስጥም ይገባል፣ ግን እንዲህ ያለ ዴስክቶፕ አይቀበለውም። የርካሽነቱ ምስጢር ይኸው ነበር። ሻጩ ያወቀው አይመስለኝም፣ ወይም ጥሩ ተዋናይ ነው። ባለ ዩውን ሌላ ሱቅ አገኘሁና 16 ጊጋ አደረግኩት።

ከዚያ ፕሮሰሰሩ ፈተነኝ። ኮር አይ7 4790 እዚያው ሶኬት ላይ ይገባል፣ ኤክስፖርትም ያፈጥናል። ዲስኩና ራሙ ከተስተካከሉ ወዲህ ደብተሩ ላይ የቀረው ማነቆ እሱ ነው፤ አንዱን ስትፈታ ቀጣዩ ይወጣል። ግን የቀኝ ዓምድ ነው፣ ሻጩም የጠራው ዋጋ የቀኝ ዓምድ ዋጋ አልነበረም። ተውኩት። በምትኩ ፕሪሚየር ላይ ፕሮክሲ መጠቀም ጀመርኩ፤ ቪዲዮውን በትንሽ ጥራት ገልብጦ በዚያ ያሠራና መጨረሻ ላይ ወደ ዋናው ይመልሳል። በነፃ። ለዓመታት እዚያው ሜኑ ውስጥ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ነበር።

ቀጣዩ ኮምፒውተር መቼ ይሁን የሚለውን የወሰነልኝ ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አልቋል። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች አንድ ዓመት የጸጥታ ማሻሻያ ጨምሯል፣ እሱም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያበቃል። ተመዝግቤያለሁ። ዊንዶውስ 11 በኢንቴል በኩል ከስምንተኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለውንና ቲፒኤም (የጸጥታ ቺፕ) 2.0 ያለውን ነው በይፋ የሚቀበለው፤ የእኔው አራተኛ ነው፣ ቲፒኤሙም 1.2። አስገድዶ መጫኛ ዘዴ እንዳለ አውቃለሁ። በሰው ሠርግ ግን አልቀልድም።

ስለዚህ የምፈልገው እንደ ኦፕቲፕሌክስ 7060 ያለ ስምንተኛ ጀነሬሽን ወይም ከዚያ በላይ፣ ያገለገለ ሆኖ ራሙ ውስጡ የሞላ ነው። ራሙ ይሙላ የምለው በምክንያት ነው። ከ2018 መጀመሪያ ወዲህ ለኤአይ ዳታ ሴንተር የሚሸመተው ሚሞሪ የራምን ዋጋ ዓለም ላይ ሰቅሎታል፤ ማይክሮን ክሩሻል የሚለውን ለተራ ሸማች የሚሸጥ ብራንዱን ሊዘጋ መሆኑን እስከማስታወቅ ደርሷል። ራም ለብቻ ከመግዛት፣ የኬዝ ዋጋ ብቻ የሚያስበው ሻጭ ሳይነቅለው ከነራሙ መውሰድ ይሻለኛል። ዩፒኤሱና ኤስኤስዲው አብረው ይሻገራሉ። ግራፊክስ ካርድም ከጥያቄ ምልክት ጋር ግራ ዓምድ ላይ አለ፤ ግን 75 ዋት የማያልፍ፣ ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚበላ፣ ለምሳሌ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀው ዓይነት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለልኝ። እቁብ ወጥቶለታል። «ግራፊክስ ካርድ ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል?» አለኝ። ኬዙን ክፈትና የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ አልኩት። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ፎቶው ደረሰ፦ ታወሩ ሳሎን ጥግ ላይ፣ ተዘግቶ፣ እናቱ የሠሩት ነጭ ዳንቴል ከነአበባ ማስቀመጫው ላዩ ላይ ጣል ተደርጎበት።

መጀመሪያ ዳንቴሉን አንሣው ብዬ ጻፍኩለት።