በዘረመል ያሳበብኩት
በአረጋውያን የአካል ማገገሚያ ክፍል በፊዚዮቴራፒስትነት ስሠራ ካጋጠመኝ ሁሉ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ፣ ለአንዲት የ74 ዓመት እናት በችኮላ የሰጠሁት መልስ ነው። እኚህ እናት ከታላቅ እህታቸው ጋር በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ የእግር ጡንቻ ማጠናከሪያ ልምምድ ይሠሩ ነበር። በ12ኛው ሳምንት የሁለቱንም ጭን ዙሪያ በሜትር ስለካ የታላቅየው ጨምሮ የእርሳቸው ባለበት ቆሞ አገኘሁት። «ልጄ፣ የአንድ እናት ልጆች አይደለን እንዴ? የኔን እግር ምን ነካው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

እኔም እህትማማቾች ከሰው ሰው ከሚለያየው ዘረመል በአማካይ የሚጋሩት ግማሹን ብቻ እንደሆነ፣ የአንዳንድ ሰው ጡንቻም በተፈጥሮው ለልምምድ ብዙ መልስ እንደማይሰጥ አስረዳኋቸው። በወቅቱ ስለዚሁ ጉዳይ አዘውትሬ አነብ ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 585 ጎልማሶችን ለ12 ሳምንት አንድ ክንዳቸውን ብቻ አሠርቶ፣ የአንዱ ጡንቻ በ2 በመቶ ሲቀንስ የሌላው በ59 በመቶ ማደጉን አሳይቷል። ኤሲቲኤን3 የሚባለው ዘረመል በፍጥነት የሚኮማተሩ የጡንቻ ክሮች ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን የሚያሠራ ሲሆን፣ ከዓለም ሕዝብ ከአምስት ሰው አንዱ ያህል ይህ ፕሮቲን ፈጽሞ የለውም። የተናገርሁት ሐሰት አልነበረም፤ የእኚህ እናት ችግር ይኸው መሆኑን ግን በምንም አላረጋገጥሁም።

«ተፈጥሮዬ ከሆነማ ምን አደክማችኋለሁ» ብለው ተነሡ። በተከታዩ ሳምንት እህታቸው ብቻቸውን መጡ።

ነገሩን ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባጫውታት፣ ስለ ዘረመል አንድም ቃል ሳትናገር የሁለቱን የክትትል ካርድ ጎን ለጎን ዘረጋችና ጣቷን በክብደት ዓምዱ ላይ አሳረፈች። የታላቅየው ከ8 ኪሎ ተነሥቶ 17 ደርሷል። በታናሽየው ካርድ ላይ ግን ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ መጨረሻው 8፣ 8፣ 8 እያለ ይወርዳል፤ በኅዳጉም በራሴ እጅ «ጉልበታቸውን ስላመማቸው ለጊዜው አይጨመር» ተብሎ ተጽፏል። ሕመሙ በሳምንቱ እንደተሻላቸው ከታች አስፍሬ ሳለ እገዳውን አላነሣሁም ነበር። ጡንቻ የሚጠነክረው ከለመደው በላይ ሲጠየቅ ነው፤ እኔ ለዘጠኝ ሳምንታት ምንም አልጠየቅሁትም። ሰውነት በዕድሜ ሲገፋ ከምግብ የሚያገኘውን ፕሮቲን ወደ ጡንቻ የመለወጥ ችሎታው እንደሚደክም እያወቅሁ፣ ምን ያህል እንደሚመገቡ እንኳ አልጠየቅሁም።

ባልደረባዬ በዚህ አላበቃችም። ከወንበር አምስት ጊዜ ለመነሣት በመጀመሪያው ቀን 19 ሰከንድ የወሰደባቸው እናት በ12ኛው ሳምንት በ14 ሰከንድ እንደጨረሱ በዚያው ካርድ ላይ አሳየችኝ። ሜትር ስብንም ቆዳንም አብሮ ስለሚለካ የጡንቻን ለውጥ ለብቻው አይነግርም፤ ደግሞም ጥንካሬ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚጨምረው በአብዛኛው ነርቮች ጡንቻን ማዘዝ ስለሚለምዱ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆኑ አረጋውያን በስምንት ሳምንት የእግራቸውን ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ ሲያሳድጉ፣ የጡንቻቸው ስፋት የጨመረው ከዚህ እጅግ ባነሰ መጠን ነበር። እኚህ እናት ለውጥ አምጥተው ሳለ «አልሆነልዎትም» ብዬ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ።

በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ጥፋቱ የእግራቸው ሳይሆን የእኔ መሆኑንም ነገርኋቸው። ተመልሰው መጡ። ክብደቱን ጉልበታቸውን እየጠየቅሁ ቀስ በቀስ ጨመርሁ፤ በስድስተኛው ሳምንት 13 ኪሎ ገፉ። ታላቅ እህታቸው አሁንም ይበልጧቸዋል፤ ከዚህ ልዩነት ውስጥ የዘረመል ድርሻ ሊኖር ይችላል። ይህንኑ በጥንቃቄ ላስረዳቸው ስጀምር ካርዱን ከእጄ ተቀብለው፣ «እሷን ተዋት ልጄ፤ ባለፈው ሳምንት የኔ ስንት ነበር?» አሉኝ።