ድምፁን አጥፍቼ ያየሁት ጦርነት

ለጥቂት የታሪክ ተማሪዎች ላሳያቸው ብዬ፣ ፍራንክ ካፕራና አናቶል ሊትቫክ እ.ኤ.አ. በ1944 ለአሜሪካ ጦር ያዘጋጁትን ቻይና በጃፓን ወረራ ላይ ስላደረገችው ተጋድሎ የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ወደ አማርኛ ስመልስ፣ ሥራው ከትርጉም የማያልፍ መስሎኝ ነበር። የተራኪውን ቃል ከዳር እስከ ዳር ከተረጎምኩ በኋላ መልሼ ሳነበው ግን፣ ተራኪው ጃፓናውያንን በዘመኑ የንቀት አጠራር ስለሚጠራ፣ የእኔም አማርኛ አንድን ሕዝብ በጅምላ የሚያንቋሽሽ ሆኖ አገኘሁት። የጻፍኩትን ትቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ።

በሁለተኛው ዙር ድምፁን አጥፍቼ ምስሉን ብቻ ተመለከትኩ። እያንዳንዱን ትዕይንት ከነደቂቃው በደብተር መዝግቤ፣ ከጎኑ «ማን፣ የት፣ መቼ ቀረጸው?» የሚል ዓምድ ጨመርኩ። ፊልሙ በአብዛኛው ከዜና ፊልሞችና ከሌሎች ሥራዎች ተለቅሞ የተቀናበረ በመሆኑ ብዙው ረድፍ ባዶ ቀረ፤ ባዶ መቅረቱን ማወቄም ራሱ ጠቀመኝ፤ ምስሉ የሚያሳየውንና ድምፁ የሚለውን ለይቼ እንድጠይቅ አስገድዶኛልና።

ድምፅ በሌለበት ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው የበርማ መንገድ ነው። ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ሳይቀሩ ድንጋይና አፈር እያጋዙ በእጃቸው የሠሩት ይህ መንገድ፣ በበርማ (በዛሬዋ ሚያንማር) ካለችው ላሺዮ እስከ ቻይናዋ ኩንሚንግ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ወደቦቿ በጠላት ለተያዙባት ቻይና ዋነኛ የመሣሪያ ማስገቢያ በር ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1940 ብሪታንያ በጃፓን ግፊት ለሦስት ወራት ዘጋችው፤ በ1942 ጃፓን በርማን ስትይዝ ደግሞ ጨርሶ ተቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ ዕርዳታው የሂማላያን ተራሮች በአውሮፕላን መሻገር ግድ ሆነበት። የወዳጅ ድጋፍ እንዲህ የሚቋረጥና የሚቀጥል እንደነበረ ተማሪዎቼ እንዲያውቁ ማብራሪያ ጨመርኩ።

ፊልሙ ዝም ያለበትን ለማግኘት ከሌላ ሥራ ጋር ማስተያየት ነበረብኝ። ሆላንዳዊው ፊልም ሠሪ ዮሪስ ኢቨንስ እ.ኤ.አ. በ1938 የቻይናና የጃፓን ጦሮች እስከ ተዋጉባት ታይርዡዋንግ ድረስ ሄዶ ሲቀርጽ፣ የቻይናው መሪ የቺያንግ ካይሼክ መንግሥት ተቆጣጣሪዎች ወደ ኮሚኒስቶቹ ግዛት እንዳይዘልቅ ከልክለውታል፤ እርሱ ግን ካሜራውን የኮሚኒስቶቹ ማዕከል ለሆነችው የናን ፊልም ሠሪዎች አስረከበ። የአሜሪካው ፊልም ስለ ኮሚኒስቶቹ ተዋጊዎች አንዳች አይናገርም። በእኔ እምነት፣ ይህን ሳይነግሩ ፊልሙን ማሳየት ለተመልካቹ ግማሽ ታሪክ መስጠት ነው።

ለእኛ ደግሞ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የቻይናው ፊልም «ለምን እንዋጋለን» (Why We Fight) የተሰኘ ተከታታይ ፊልም አካል ነው፤ የዚሁ ተከታታይ የመጀመሪያ ክፍል የሰሜን ምሥራቅ ቻይናዋን የማንቹሪያንና የኢትዮጵያን መወረር አያይዞ ያነሣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ያንን አሳየሁ።

በመጨረሻው ጽሑፍ የስድቡን ቃል «የጃፓን ጦር» በሚል ተክቼ፣ ለውጡን ከፊልሙ በፊት ገለጽኩ። ባዶዎቹን ረድፎች እንዳሉ ለተማሪዎቹ አደልኳቸው። አንዲት ተማሪ የበርማን መንገድ ክፍል ድጋሚ እንዳሳያቸው ጠየቀችኝ፤ በዚያን ጊዜ ድምፁን አጥፍቼ አሳየኋቸው።