ሌሊት የመኝታ ቤቱን በር ዝጉ

ሲያትልና አካባቢው ካለን ሐበሾች የብዙዎቻችን እንጀራ ከአዛውንቶች እንክብካቤ ጋር የተያያዘ ነው። ገንዘብ ያጠራቀመው የራሱን አደልት ፋሚሊ ሆም (ጥቂት አዛውንቶች እየተንከባከቧቸው የሚኖሩበት መኖሪያ ቤት) ይከፍታል፤ ሌላው ኬርጊቨር (ተንከባካቢ) ሆኖ ይቀጠራል። እኔ የማታ ሺፍት ነኝ። ሌሊት እሳት ቢነሳ ምን እንደምናደርግ ዛሬ የምጽፈው ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ብቻችሁን ነቅታችሁ ለምታድሩት ነው፤ ቤቱን የከፈታችሁትም ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

የዋሽንግተን ስቴት ደንብ ግልጽ ነው። እሳት ቢነሳ በቤቱ የሚኖር ሰው ሁሉ በ5 ደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ወጥቶ ደህና ቦታ መድረስ አለበት። ድሪል (ከቤት የመውጣት ልምምድ) ቢያንስ በየ2 ወሩ ይደረጋል። እያንዳንዱ ነዋሪም ቢያንስ በዓመት አንዴ ከቤት እስከ መውጣት ድረስ ይሳተፋል። በየፎቁ የእሳት ማጥፊያ ይኖራል፤ ለ72 ሰዓት የሚበቃ ምግብና ለእያንዳንዱ ሰው 3 ጋሎን ውሃ ይቀመጣል። ይህን አብዛኛው ቤት ያሟላል። ተቆጣጣሪዎች ከስቴት ሲመጡ ባይንደሩ (የቤቱ መዝገብ) ይገለጣል፤ ቀኑም ፊርማውም አለ።

እኔን የሚያሳስበኝ ድሪሉ የሚደረግበት ሰዓት ነው። በሠራሁባቸው ቤቶች ሁልጊዜ ከቁርስ በኋላ ነው። ሁሉም ለባብሰው፣ ጫማቸውን አድርገው፣ መነጽራቸውንና ለመስማት የሚረዳቸውን የጆሮ መሣሪያ ይዘው ሳሎን ተቀምጠዋል። ሁለት ኬርጊቨር አለ፤ የቤቱ ባለቤትም መጥታለች። በዚህ ሁኔታ 5 ደቂቃ ይተርፋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን ስድስት ሰው በየአልጋው ተኝቶ፣ ያለው ሠራተኛ አንድ ነው።

አንዷን እናት ብቻ እንይ። ግራ ጎናቸው በስትሮክ የማይታዘዝ፣ ሌሊት ኦክስጅን የሚጠቀሙ ናቸው። ቀን ከአልጋ ሳነሳቸው የአልጋውን ራስጌ ከፍ አደርጋለሁ፣ እግራቸውን አወርዳለሁ፣ ማዞሩ እስኪለቃቸው እጠብቃለሁ፣ የወገብ ቀበቶውን አስራለሁ፣ የዊልቸሩን ፍሬን እይዛለሁ፣ ከዚያ አዙሬ አስቀምጣቸዋለሁ። ይህ በጥድፊያ የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ሆየር (ሰውን ከአልጋ የሚያነሳ መሣሪያ) የሚያስፈልገው ሰው ከሆነ ደግሞ ይብሳል። 5ቱ ደቂቃ በእሳቸው ብቻ ሊያልቅ ይችላል።

ስለዚህ ሌሊት መንገዱ ሌላ መሆን አለበት። አልጋውን እስከ መጨረሻው ዝቅ ማድረግ፣ ወለሉ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ማንጠፍ፣ ራሳቸውን ደግፎ በቀስታ ወደ ብርድ ልብሱ ማንሸራተት፣ ከዚያ በራስጌያቸው በኩል ይዞ ጎንበስ ብሎ መጎተት። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር፣ እሷ ተኝታ እኔ እየጎተትኩ፣ ሞክረነዋል። በእንጨት ወለል ላይ ይሄዳል። ምንጣፍ ላይ ይይዛል። የውጭው በር ደፍ ጋ ሲደረስ ይቆማል፤ እዚያ ላይ ትከሻን ከፍ ማድረግ እንደሚያስፈልግ ከወረቀት ላይ አታገኙትም። በገዛ ቤታችሁ፣ በገዛ ደፋችሁ ላይ ሞክሩት።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። እኛ በር ከፍተን ነው የምናሳድራቸው። ምክንያቱ መልካም ነው፤ ሲጣሩ እንድንሰማ፣ ቢወድቁ ቶሎ እንድንደርስ ነው። ብዙዎቹም ራሳቸው ክፍት ይሁንልን ይላሉ፤ መዘጋት ያስፈራቸዋል። ግን እሳት በተነሳበት ቤት ሰውን ቀድሞ የሚገድለው ጭሱ ነው፤ ጭስ ደግሞ በኮሪደሩ ተጉዞ ክፍት ያገኘው ክፍል ሁሉ ይገባል። በጥር 2004 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ግላስጎው አጠገብ ሮዝፓርክ በሚባል የአዛውንቶች መኖሪያ የሆነው ይኸው ነው። እሳቱ የተነሳው ኮሪደር ላይ ባለ ቁም ሳጥን ውስጥ ከነበረ የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው። ብዙ የመኝታ ቤት በሮች ክፍት ነበሩ። 14 አዛውንቶች ሞቱ። የተዘጋ በር፣ ተራ የእንጨት በር እንኳ ቢሆን፣ ጭሱንና ሙቀቱን ለደቂቃዎች ያዘገያል። ብቻውን ለሚሠራ ሰው እነዚያ ደቂቃዎች ሕይወት ናቸው፤ አንዱን ሲያወጣ የሌሎቹ ክፍል ገና አልታፈነም ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት እንስማቸው? ለሕፃናት የሚሸጠውን ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ (ቤቢ ሞኒተር) በየክፍሉ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ዋጋው ውድ አይደለም። የጥሪ ደወል ያላቸው ቤቶችም አሉ። ባለቤቱ አቅም ካለው በሩን በማግኔት ክፍት አድርጎ የሚይዝና አላርም ሲጮህ ለቅቆ የሚዘጋ መሣሪያ አለ። ያ ከተገጠመ በራቸው ክፍት ሆኖ መተኛት ለሚፈልጉትም መልስ ይሆናል። በሩ እንዳይዘጋ ሥሩ ጨርቅ ወይም ማቆሚያ ሸጉጦ ማሳደር ግን ይቅር፤ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ያስጨንቀኛል።

ሮዝፓርክ ሌላም ነገር ያስተምራል። አላርሙ ከጮኸ በኋላ የእሳት አደጋ መከላከያ እስኪጠራ 9 ደቂቃ ገደማ አልፏል። ሠራተኞቹ መጀመሪያ እሳቱ የት እንደሆነ ሊፈልጉ ሄዱ። እኛ ጋ ደግሞ የራሳችን የሆነ መዘግየት አለ፦ ቀድሞ ለቤቱ ባለቤት መደወል። ሳላስፈቅዳት 911 (የአደጋ ጊዜ ስልክ) ብደውል ትቆጣለች፣ የሐሰት አላርም ቢሆንስ፣ ስሜ ይጠፋል የሚል ፍርሃት አለ። ባለቤቶች ይህን ፍርሃት በግልጽ አንሱላቸው። «ጭስ ካየሽ 911፣ እኔ በኋላ» ብላችሁ በአፋችሁ ንገሯቸው፤ ሠራተኛዋ የሐሰት አላርም ላይ ብትደውል አትቆጡ። በመኖሪያ ቤት ጣሪያ ላይ ያለው የጭስ አላርም ይጮሃል እንጂ፣ የክትትል አገልግሎት ካልተገዛለት በስተቀር፣ በራሱ ለማንም አይደውልም። እዚያ ቤት ውስጥ የሚደውል ሰው እናንተ ብቻ ናችሁ።

አድራሻውን በትልቁ ጽፋችሁ ስልኩ አጠገብ ለጥፉት። አዲስ የመጣችው ልጅ ሰፈሩን አታውቅ ይሆናል፤ እንግሊዝኛዋም በድንጋጤ ሊጠፋባት ይችላል። መጀመሪያ አድራሻውን፣ ቀጥሎ መራመድ የማይችሉ ስድስት አዛውንቶች እንዳሉ ትናገር። አስተርጓሚ ካስፈለጋት «አማርኛ» የሚለውን በእንግሊዝኛ አጠራሩ ትበል። ሮዝፓርክ ላይ መጀመሪያ የደረሰው የእሳት አደጋ መኪና የሄደው በሩ በተቆለፈ መግቢያ በኩል ነበር። የእናንተም ቤት የሚገባው በኋላ በኩል ከሆነ ያንኑ ጨምሩበት።

ሰዎቹ አላርሙን ይሰማሉ ብላችሁም አትተማመኑ። ተራው አላርም ድምፁ በጣም ቀጭን ነው፤ በእርጅና መጀመሪያ የሚጠፋው ደግሞ ቀጭን ድምፅ መስማት ነው፤ ለመስማት የሚረዳቸው የጆሮ መሣሪያም ሌሊት ሳጥን ውስጥ ነው። 520 ኸርዝ የሚባል ወፍራም ድምፅ ያለው አላርም አለ፤ እንዲህ ያለውን ሰው በተሻለ ይቀሰቅሳል። ዲሜንሽያ (የመርሳት ሕመም) ያለባቸው ደግሞ ሰምተውም ላይወጡ ይችላሉ። እዚያ ላይ ማስረዳት ጊዜ ይፈጃል። እጅ ይዞ «ከእኔ ጋር ይምጡ» ማለት ይበቃል። ወጥተው ደግሞ ቦርሳዬን ብለው ይመለሳሉ። ስለዚህ ከጎረቤት ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ አላርም ሲሰማ መጥቶ ውጭ ካሉት ጋር የሚቆም አንድ ሰው ይኑራችሁ።

ኦክስጅን ካለ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በሐምሌ 2025 ማሳቹሴትስ፣ ፎል ሪቨር ከተማ ጋብሪኤል ሃውስ በተባለ መኖሪያ 10 ሰዎች በእሳት ሞቱ። መርማሪዎቹ የደረሱበት መነሻ ከሁለት አንዱ ነው፦ የሲጋራ ነገር፣ ወይም የኦክስጅን ማሽን ብልሽት። ኦክስጅን ራሱ አይቀጣጠልም፤ የነካውን ግን ያለ ልክ ያቀጣጥላል። ልብሱና አንሶላው ውስጥ ይሰርጋል። ማሽኑን ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ ሰኩት፣ በማራዘሚያ ገመድ አይሁን። ከንፈራቸው ሲደርቅ ቫዝሊን አትቀቧቸው፤ ውሃነት ያለው ቅባት ይሻላል። ቡና ስናፈላ የምናጨሰው እጣንና የከሰል ማንደጃው ደግሞ ከእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ይውጣ። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ አፍሉ፤ እጣኑን በየቤታችሁ አጭሱ።

ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ መሣሪያ) ትልቅ ነገር ነው። በጥር 2014 ኩቤክ፣ ሊል ቨርት በምትባል ትንሽ ከተማ የአዛውንቶች መኖሪያ ተቃጥሎ 32 ሰዎች ሞቱ፤ የተረፈው ስፕሪንክለር የነበረው አዲሱ ክፍል ነው፣ የጠፋው ያልነበረው አሮጌው። እዚህ አሜሪካም በ2003 ሃርትፎርድና ናሽቪል ላይ ከደረሱት ቃጠሎዎች በኋላ ነርሲንግ ሆሞች (የነርስ እንክብካቤ የሚሰጥባቸው መኖሪያዎች) ሁሉ እስከ ነሐሴ 2013 እንዲያስገቡ ተገደዱ። ያ ግዴታ ግን ለነርሲንግ ሆም ነው። የእኛ ቤቶች ብዙዎቹ ተራ መኖሪያ ቤት ነበሩ፤ ስፕሪንክለር የላቸውም። ለዚህ ነው በር፣ ስልክና ብርድ ልብስ ላይ እንዲህ የምደክመው።

ባለቤቶች፣ የሚቀጥለውን ድሪል በሌሊት አድርጉት። ነዋሪዎቹንና ቤተሰቦቻቸውን አስቀድማችሁ አስረዱ፤ የማይንቀሳቀሱትን በባልደረባ ተኩ፣ ማንም እንዳይጎዳ። የማታው ሠራተኛ ብቻውን ይሥራ፣ እናንተ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሥራ አለባችሁ፦ መራመድ የማይችሉትን ወደ መውጫው በር ቅርብ ወዳሉት ክፍሎች ማዛወር፣ ሁለተኛ የማታ ሰው መቅጠር፣ ወይም ክፍት አልጋ ቢኖርም ሆየር የሚፈልግ ሌላ ሰው አለመቀበል። ሦስቱም ገንዘብ ላይ እንደሚመጡ አውቃለሁ። የተያዘውን ሰዓት እንዳለ ባይንደሩ ላይ ጻፉት፤ 9 ደቂቃ ከሆነም 9 ብላችሁ።