ቀመሩ ከየት እንደመጣ ሲታይ

ዛሬ ላይብረሪ ቁጭ ብዬ የክላውዚየስ-ክላፔሮንን እኩልታ፣ ማለትም ፈሳሽ የሚፈላበት ቴምፕሬቸር ከግፊት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚያሳየውን፣ ደረጃ በደረጃ ወረቀት ላይ ኢንተግሬት አደረግኩ (ጥቃቅን ለውጦችን ደምሬ ሙሉውን ቀመር አወጣሁ)። ቀመሩን በቃሌ አውቀው ነበር። ከየት እንደመጣ ማየት ግን ሌላ ደስታ ነው!

በአንድ በኩል የግፊት ለውጥ ለግፊት ይካፈላል። በሌላው በኩል የቴምፕሬቸር ለውጥ ለቴምፕሬቸር ካሬ ይካፈላል። ሁለቱም ኢንተግሬት ሲደረጉ በግራ ሎጋሪዝም፣ በቀኝ የቴምፕሬቸር ግልባጭ ይወጣል። በቃ።

ከዚያ የአዲስ አበባን ቁጥር አስገባሁ። 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ ወደ 0.76 አትሞስፌር ነው። የውሃ የትነት ሙቀት (ውሃን ወደ እንፋሎት ለመቀየር የሚያስፈልገው) በሞል 40.7 ኪሎጁል። መልሱ፣ ማለትም ውሃ እዚህ የሚፈላበት ቴምፕሬቸር፣ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መጣ። ቆላው መተሐራ ላይ ቶሎ የሚበስለው ሽምብራ እዚህ እሳት የሚፈጀው ውሃው በዝቅተኛ ቴምፕሬቸር ስለሚፈላና ከዚያ በላይ ስለማይሞቅ ነው። ይሄን በሎጋሪዝም ማስላት መቻል በጣም ደስ ይላል።

ፊዚካል ኬሚስትሪ ልትጀምሩ ያላችሁ ልጆች፣ መጀመሪያ ለሎጋሪዝምና ለፓርሻል ዴሪቬቲቭ ጊዜ ስጡ። ቴርሞዳይናሚክስ ደጋግሞ የሚጠይቀው "ግፊቱ ሳይለወጥ ቴምፕሬቸር ቢጨምር ምን ይሆናል?" እያለ ነው። ፓርሻል ዴሪቬቲቭም ይኸው ነው። ለኳንተም ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንና ማትሪክስ ይጨመራሉ፤ እሱ በጊዜው ይደረስበታል።

ነገ ከጓደኞቼ ጋር የአሬኒየስን እኩልታ (የኬሚካል ለውጥ ፍጥነት ከቴምፕሬቸር ጋር እንዴት እንደሚያያዝ የሚያሳየውን) በዚሁ መንገድ እንሠራለን። መምጣት የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።